የኩፍኝ ስብሰባ

የታሰርኩት በአንድ ቃል ነው። ቃሉን የተናገርኩትም እኔው ነኝ፤ ማንም ከአፌ ነጥቆ አላወጣውም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሪያድ፣ ዐዚዚያ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለ የኪራይ ቤት ውስጥ። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ሦስቱ ዑለያ ካሉት ፎቆች ላይ ቢሮ ያጸዳሉ። ሁሉም ልጆቻቸውን አገር ቤት፣ ጦርነቱ ባለበት አካባቢ፣ ለአያትና ለአክስት ትተው የመጡ ናቸው። እዚያ ትምህርት ቤቶቹ ወይ ተዘግተዋል፣ ወይ ተፈናቃይ ሰፍሮባቸዋል። ጤና ጣቢያው ቢከፈትም መድኃኒት የለውም። እነዚህ እናቶች ለልጆቻቸው የሚደርሱበት መንገድ ስልክ ብቻ ነበር። እኔ ነርስ ነኝ። ሪያድ መጥቼ አንድ የግል ክሊኒክ ከመቀጠሬ በፊት አገር ቤት የሠራሁት በትምህርት ቤት ጤና ላይ ነው፤ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ የልጆች ዓይን አያለሁ፣ የትል መድኃኒት አድላለሁ፣ ክትባት የቀረባቸውን እመዘግባለሁ። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ እንሰበሰብና ለአያቶቹ በስልክ ምን ብለው እንደሚነግሯቸው አስተምራቸዋለሁ። ውሃ እንዴት ይታከማል፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ምን ይጠጣል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ልጅ ሲያድር መስኮቱ ለምን ይከፈታል። ያን ቀን ተራው የኩፍኝ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ማን እንደጠቆመብን እስካሁን አላውቅም። ደጃፍ ላይ አሥራ ዘጠኝ ጥንድ ጫማ ተደርድሮ ያየ ሰው ቢጠራጠር ግን አይፈረድበትም። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል መሆኑን አውቅ ነበር። ሻይ ልንጠጣ ነው የተገናኘነው ብል ኖሮ ምናልባት በተግሣጽ ያልፈን ነበር። ፖሊሱ ግን ነጩን ሰሌዳ አየና ሥራሽ ምንድን ነው አለኝ። የእኔ ዐረብኛ የክሊኒክ ዐረብኛ ነው፤ የቱ ጋ ያምሃል፣ ክንድህን ዘርጋ፣ ነገ በባዶ ሆድህ ና። የሕዝብ ጤና ባለሙያ ነኝ ለማለት ፈለግሁ። «ሕዝብ» የሚለው ቃል በዐረብኛ አልመጣልኝ አለ። አማርኛውን ትንሽ ዐረብ አስመስዬ ጣል አደረግሁት።

«ሹግሊ ሊል ሒዝብ» አልኩት። ሥራዬ ለሕዝብ ነው ማለቴ ነበር።

ቀና ብሎ አየኝ። «ኤይ ሒዝብ?»

የትኛው ሕዝብ ብሎ የጠየቀኝ መሰለኝና ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። «ኩሉ ሒዝብ» አልኩት። ሁሉም ሕዝብ። እንዳይበቃኝ ደግሞ «ሒዝብ ሐበሺ» ብዬ ጨመርኩበት።

በዐረብኛ «ሒዝብ» ማለት የፖለቲካ ፓርቲ ነው። ይህን የነገረችኝ ከሴቶቹ መካከል ዐረብኛ ጠንቅቃ የምታውቅ አንዷ ናት። «ሲስተር፣ ምን ነካሽ? የሐበሻ ፓርቲ አለኝ እኮ ነው ያልሽው!» አለች። ዘግይታ ነበር። ሴቶቹን የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ኢቃማቸውን እያዩ አንድ በአንድ ለቀቋቸው። እኔን ወሰዱኝ።

የገባሁበት ክፍል ረጅም አዳራሽ ነው። መስኮቶቹ ከፍ ያሉና ጠባብ ናቸው፤ ኤሲው ቀን ከሌት ይጮኻል፤ መብራቱ አይጠፋም። ሰላሳ የምንሆን ሴቶች፣ አምስት ልጆች። የፍራሾቹ ሽታ የእርጥብ ጨርቅና የበረኪና ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ተርሂል፣ ከአገር መባረርን፣ የሚጠብቁ ናቸው፤ ወረቀታቸው ተበላሽቶ ወይም ከከፊላቸው፣ ከአሠሪያቸው፣ ቤት ጠፍተው ተይዘው ወደ አገር የሚላኩ። እኔ ብቻ ነበርኩ ጉዳይሽ ይጣራል የተባልኩት። የክፍሉ አለቃ፣ እኛ ካቦ የምንላት፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት ወፍራም ሴት ናት። ፍራሼን በእግሯ እያመላከተችኝ ምን አድርጌ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

«ኩፍኝ ሳስተምር ያዙኝ» አልኳት።

«ኩፍኝ ያለ አስተማሪስ መቼ መያዝ አቃተው?» አለችና ሳቀች። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ስሜ «የፖለቲካዋ» ሆነ።

መርማሪው በየሦስት ቀኑ ያስጠራኝ ነበር። ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው፤ ሻይ ያስመጣልኛል። እኔ «ሐስባ፣ ሐስባ» እለዋለሁ፤ በዐረብኛ ኩፍኝ ማለት ነው፤ ይህን ቃል ከክሊኒኩ ነው የማውቀው። እሱ ወረቀቱን እያየ «ለሐስባ ሰው ይሰበሰባል?» ይለኛል። ከዚያ ወደ ሒዝቡ ይመለሳል። የሒዝቡ ሰብሳቢ ማን ነው፤ አባላቱ ስንት ናቸው። ምን ብዬ ላስረዳው? ሁለቱም ቃላት ከአንድ አፍ ወጥተዋል፤ እሱ ሊያምን የፈለገው የመጀመሪያውን ነው።

በአዳራሹ ውስጥ ከጎኔ የምትተኛው ሴት አራት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ነበረቻት። ልጅቱ የተወለደችው ሪያድ ነው፤ ዐረብኛው ከአማርኛው ይቀናታል። ውሃን እንደ አገሩ ሰው «ሞያ» ነው የምትለው። «ሞያ! ሞያ!» እያለች ስትዞር ካቦዋ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ሞያ የሌለን እኛም አለን» ትላታለች፤ ሁሉም ይስቃል። እናቷ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅም አላት፤ እሱ አገር ቤት ከአያቱ ጋር ነው። ቤታቸው ከተመታ በኋላ ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ ነበር የሚያድሩት። ፎቶውን እንዳይታጠፍ ብላ በካርቶን ቁራጭ ደግፋ ደረቷ ውስጥ ትይዘዋለች። እህቱን አይቷት አያውቅም።

በዘጠነኛው ቀኔ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጠባቂዋ የነገ ተጓዦችን ዝርዝር ይዛ መጣች። አሥራ አንድ ስም ተጠራ። የልጅቱ እናት አለችበት። ካቦዋም አለችበት፤ አራት ወር ጠብቃለች። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። የልጅቱ እናት ወዲያው የልጇን ቀሚስ አጥባ የኤሲው ነፋስ የሚመታው ቦታ ላይ ሰቀለችው። ካቦዋ ዕቃዋን በሁለት ፌስታል እየከተተች ለሁሉም ትእዛዝ ትሰጣለች።

ልጅቱ ግን አልተነሳችም። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ታስላለች፤ አፍንጫዋ ይፈሳል። ያን ቀን ዓይኗ ቀልቶ ፊቷን ከመብራቱ እያዞረች ትተኛለች። «የኤሲው ብርድ ነው» ይላሉ። «ምች ነው» ያለችም አለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ባላየ ማለፍ ፈልጌ ነበር። የሰው ደስታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መቸለስ ማን ይወዳል? በዚያ ላይ እኔ ተጠርጣሪ ነኝ፤ ለራሴም አልተረፍኩም። ግን ልጅቱ እዚያው እንደተኛች «ሞያ፣ ሞያ» ማለቷን አላቆመችም። ጠጥታ ሳትጨርስ እንደገና ትጠይቃለች። ነርስ ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም።

መታጠቢያው በር አጠገብ፣ መብራቱ ደህና ከሆነበት፣ ወሰድኳትና አፏን አስከፈትኳት። ጉንጯ ውስጥ፣ በመንጋጋዋ ትይዩ፣ ቀይ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች ነበሩ። ሽፍታው ገና አልወጣም። እነዚያ ነጥቦች ከሽፍታው ቀድመው ነው የሚታዩት፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ከዚያ በፊት ማየት ያስፈልጋል። እኔ አይቻቸዋለሁ።

እናቷን ወደ ጥግ ጠራኋት። «እህቴ፣ ልጅሽን ኩፍኝ ይዟታል» አልኳት።

«ሽፍታ የላትም እኮ!»

«ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይወጣል።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ዙሪያዋን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሲስተር፣ በእመብርሃን፣ ለማንም አትንገሪ። ከዝርዝሩ ያወጡኛል። ደግሞም ሐኪም ካያት መርፌ ይወጓታል። ኩፍኝ ላይ መርፌ ይገድላል።»

መርፌው አይገድልም አልኳት። ይህን ወሬ በየትምህርት ቤቱ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ በእሱ ምክንያት ልጆቻቸውን ጓዳ የደበቁ እናቶች አውቃለሁ። አላመነችኝም። «ያሳደገችኝ አክስቴ የነገረችኝን አንቺ በአንድ ቀን ልታስረሺኝ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ያልጠየቀችኝን ነገርኳት። ጦርነቱ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት የምሠራበት ትምህርት ቤት በተፈናቃይ ሞልቶ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር የተኛች ልጅ አፍ ውስጥ እነዚህኑ ነጥቦች አየሁ። ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩት። ሰዉ እንዳይደናገጥ እስከ ነገ ጠዋት ስብሰባ ድረስ ዝም እንበል አለኝ። መልካም ሰው ነው፤ እኔም ደክሞኝ ነበር፤ እሺ አልኩት። በዚያ አንድ ቀን ልጅቱን ከክፍል ክፍል እያዞሩ ዘመድ አስጎበኟት። ክትባት የምናገኝበት መንገድ ተዘግቶ ነበር። በሳምንቱ ሳል ያልነበረበት ክፍል አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነገርኳትም፤ እዚህም አልጽፈውም። ያን «እሺ» ያልኩትን ግን ዛሬም አልረሳሁትም።

«ነገ ስትደርሱ ልጅሽ መጀመሪያ ማንን ነው የምታቅፈው?» አልኳት።

እጇ ደረቷ ላይ፣ ፎቶው ያለበት ቦታ ላይ ሄደ።

«ወንድሟን» አለች።

በዚህ መሃል ከአጠገባችን ያሉት ሰምተዋል፤ ወሬው አዳራሹን ለመዞር የሻይ መጠጫ ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። ስሟ ከተጠራው አንዷ፣ ቀጭንና ቁጡ፣ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ይህን ብትናገሪ ክፍሉን ይዘጉታል። ማንም አይሄድም።»

«አውቃለሁ።»

«ለአንቺ ምን አለብሽ! አንቺ የፖለቲካ ነሽ፤ ዝርዝሩ ላይ የለሽበትም። የማይጠሩሽ ስለሆነ ነው እኛን የምታስቀሪን!»

አመመኝ፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። የማጣው ነገር አልነበረኝም። ሌላ ሰው ትኬቱን እንዲተው መምከር ትኬት ለሌለው ሰው ቀላል ነው።

ካቦዋ ፌስታሎቿ መካከል ተቀምጣ ስታዳምጥ ቆይታለች። ግድግዳው ሥር ልጇን ወደምታጠባ አንዲት ሴት በአገጯ አመለከተች።

«ያቺ ሕፃን ስንት ወሯ ነው?»

«ስምንት» አለች እናትየዋ።

«የኩፍኝ ተከትባለች?» ይህን የጠየቀችው እኔን ነው።

«አልደረሰችም። በዘጠኝ ወር ነው የሚሰጠው።»

ካቦዋ ከፌስታሉ ፎጣዋን አወጣች። ቀጥላ ነጠላ ጫማዋን፣ ቀጥላ ሳሙናዋን። አንድ በአንድ ወደ ነበሩበት መለሰቻቸው። ቁጡዋ ሴት አይታት ወደ ፍራሿ ሄደችና ፊቷን ተከናንባ ተኛች። ስታለቅስ ይሰማ ነበር። ማንም አላባበላትም፤ ምን ይባላታል?

ወደ በሩ ሄድኩ። እጄን ሳነሳ የልጅቱ እናት ክንዴን ያዘችኝ። ልትከለክለኝ መስሎኝ ነበር።

«ቆይ» አለችኝ። «እናቷ እኔ ነኝ። እኔ ልናገር።» ልጇን አቅፋ ከበሩ ፊት ቆመች። «በዐረብኛ ምን ልበል?»

«ሐስባ በይ።»

«ሐስባ» አለች ለራሷ። «ሐስባ፣ ሐስባ።»

ካቦዋ ከወዲያ ሆና «ብቻ አደራሽን ሒዝብ እንዳትዪ! ሁላችንንም የፖለቲካ ታደርጊናለሽ» አለች። ከሴቶቹ ጥቂቱ ሳቁ። እናትየዋም እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። ከዚያ በሩን በመዳፏ ሦስት ጊዜ መታችው።

ጠባቂዋ ትንሿን መስኮት ከፈተች። «ኸይር?» አለች፤ ደህና ነው ወይ ማለቷ ነው።

«ቢንቲ» አለች እናትየዋ፣ ልጄ። «ሐስባ።»

ጠባቂዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ መሸፈኛዋን አፍንጫዋ ላይ ሳበች። መስኮቱ ተዘጋ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጓንት ያደረገች ሐኪም መጣች። የልጅቱን አፍ በባትሪ አየች፤ ደግማ አየች። ከዚያ ዘወር ብላ ይህን ያየ ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ነርስ ነሽ?»

«የትምህርት ቤት ነርስ» አልኳት። ስለ ሕዝብ ምንም አላነሳሁም።

እናትና ልጅ ወደ ክሊኒክ ተወሰዱ። ሽፍታው በማግስቱ ከጆሮዋ ጀርባ እንደወጣ ሰማን። ክፍሉ ተዘጋ፤ ጉዞው ተሰረዘ። ያን ቀን ምሳ ሲመጣ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ካቦዋ ሳህኗን ይዛ መጣችና ከጎኔ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። በዚያው ቀን ሐኪሟ ከከታቢዎች ጋር መጣች። «ተጥዒም!» ብለው ሲጠሩ አንዳንዶቹ ጣዕም ያለው ምግብ መጣልን ብለው ሳህን ይዘው ተሰለፉ፤ ክትባት ማለት ነው። የስምንት ወሯንም ጨምሮ ልጆቹን እኔ ነበርኩ የያዝኳቸው፤ በሽታው ሲገባ ከስድስት ወር ጀምሮ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ልጅ የግራ እጁን ትንሽ ጣት ጥፍር በሐኪሟ እስክርቢቶ ቀለም ቀባሁለት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ አገራችን እንዲህ ነው፣ የተከተበ ልጅ በጥፍሩ ይታወቃል አልኳት። ሌላ ልጅ አልታመመም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። የሐኪሟ ወረቀት ፊቱ ነበር።

«ሐስባ» አለ።

«ሐስባ» አልኩት።

ከፊሌ ዋስ ሆኖኝ እንደምወጣ ነገረኝ። የሚቀረው ተዓሁድ የሚሉት፣ ዳግመኛ ላላጠፋ የምፈርምበት ወረቀት ነው። ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ ፊደሉን መቁጠር እችላለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ያ ቃል አለ። የሒዝብ ስብሰባ ላለማድረግ።

«ይህን አልፈርምም» አልኩት።

«መውጣት አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ። ያለ ፈቃድ ሰብስቤአለሁ፤ እሱ እውነት ነው፣ እፈርማለሁ። ሒዝብ ግን የለኝም። ያስተማርኩት ኩፍኝ ነው። ቃሉ ይስተካከል።»

ወረቀቱ ታትሟል አለኝ። እጠብቃለሁ አልኩት። ኸላስ፣ በቃ፣ ፈርሚና ሂጂ አለኝ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር። ግን አንድ ጊዜ እሺ ብያለሁ፤ ሁለተኛ አልፈለግሁም። በመጨረሻ እስክርቢቶውን አነሳና ሒዝብ የሚለውን ሰርዞ ከላዩ ሐስባ ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ።

ምን እንደፈረምኩ የገባኝ ደጅ ወጥቼ ፀሐዩ ዓይኔን ሲወጋኝ ነው። የኩፍኝ ስብሰባ ዳግመኛ ላላደርግ ቃል ገብቻለሁ። ራሴ አስተካክዬ፣ ራሴ አስጽፌ። ብቻዬን መንገድ ዳር ቆሜ ሳቅሁ።

አሁንም ሪያድ ነኝ፤ አሁንም ክሊኒክ እሠራለሁ። ሳሎኑ ውስጥ ጫማ አይደረደርም። ፊርማዬን አከብራለሁ። የምትጠይቀኝ እናት ካለች ባጥሐ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ቆመን፣ ወይም በስልክ፣ ለብቻዋ አስረዳታለሁ። አንዷ ከገባት ለሌላዋ ትነግራለች።

ባለፈው ዓርብ ስልኬ ጠራ። የልጅቱ እናት ናት። ክፍሉ ከተከፈተ በኋላ አገሯ ገብታለች፤ አሁን ከሁለቱ ልጆቿ ጋር እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ናቸው። ልጅቱ ከወንድሟ ጋር አንድ ደብተር እየተሻማች ፊደል ትቆጥራለች አለችኝ፤ ውሃንም ውሃ ማለት ጀምራለች።

«ሲስተር» አለችኝ ቀጥላ፣ «የኩፍኙን ነገር እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ነጥቦቹ የት እንደሚወጡ፣ መርፌው እንደማይገድል፣ ሁሉንም።»

«አንቺማ ታውቂዋለሽ።»

«ረሳሁት። ንገሪኝ፤ ማንም የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ።»

ከጀርባዋ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ሕፃን አለቀሰ፤ ብዙ ሴቶች ባንድ ላይ «እሽሽ» አሉ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ ሰው የሞላበት ክፍል ጸጥታ።

የፈረምኩትን አስታወስኩ። እኔ የማወራው ከአንድ ሰው ጋር ነው። ከኋላ ያሉት እንዲሰሙ ግን ድምፄን ከፍ አደረግሁ።